የቸርችል ንግግሮች በ1940 የእንግሊዝን ሕዝብ ሞራል ፈጠሩት ወይስ ገለጹት?

ጥያቄ — የክበቡ አስተባባሪ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተሳታፊዎች። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የክርክር ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቹ ለሚቀጥለው ዙር የመረጡት ርእስ «በጦርነት ጊዜ የአገር መሪ የሚያደርገው ንግግር የሕዝብን ሞራል ይፈጥራል ወይስ ቀድሞ የነበረውን ብቻ ይገልጻል?» የሚል ነው። እንደሚጠበቀው ሁለቱም ወገኖች መጀመሪያ የጠቀሱት ዊንስተን ቸርችልን ነው። አንደኛው ወገን በባሕር ዳርቻው እንዋጋለን፣ እጅ ከቶ አንሰጥም የሚለው ንግግር ባይኖር ኖሮ እንግሊዝ በ1940 እ.ኤ.አ. ከሂትለር ጋር ለድርድር ትቀመጥ ነበር ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ አገሪቱን ያዳኗት የከበባት ባሕር፣ የአየር ኃይሏና ራዳሯ እንጂ ንግግር አይደለም ብሎ ይመልሳል።

እኔን ያስቸገረኝ ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አለማቅረባቸው ነው። የንግግሩን ውበት የሚያደንቅ ጽሑፍ ሞልቷል፤ ነገር ግን በዚያ ሰሞን ንግግሩን ሰምቶ በማግስቱ ወደ ፋብሪካው የገባ ሠራተኛ ወይም ልጆቿን ከለንደን ወደ ገጠር የሸኘች እናት ምን እንደተሰማቸው የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለመሆኑ ሞራል ይለካል? በዚያን ጊዜስ የለካው ሰው ነበር? ከእንግሊዝ ውጪም፣ በተለይ ከአገራችን ታሪክ፣ የመሪ ቃል በሕዝብ መንፈስ ላይ ያሳደረው ውጤት ጎልቶ የሚታይበትን ምሳሌ ብታካፍሉኝ፣ ከከሸፉትም ብትጨምሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ — ከቴምዝ ማዶ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ አዎን፣ የለካው ነበር። የእንግሊዝ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከሜይ 1940 አጋማሽ ጀምሮ የሕዝቡን ስሜት ከየአካባቢው በየዕለቱ እየሰበሰበ ለመንግሥት ሪፖርት የሚያደርግ ክፍል ነበረው። ከእርሱም ቀደም ብሎ በ1937 የተመሠረተው ማስ ኦብዘርቬሽን የተባለው ድርጅት ተራ ሰዎች የዕለት ማስታወሻቸውን ጽፈው እንዲልኩለት ያደርግ ነበር፤ ታዛቢዎቹም በመጠጥ ቤትና በመንገድ ላይ የሚሰሙትን ወሬ ይመዘግቡ ነበር። እነዚህ ሰነዶች ዛሬ ለተመራማሪዎች ክፍት ስለሆኑ፣ ንግግሩ በተሰማ ማግስት ሰው ምን አለ ለሚለው ጥያቄ ከግምት የተሻለ መልስ አለ። መልሱ ግን በበዓል ቀን እንደሚነገረው ታሪክ አንድ ወጥ አይደለም።

ቸርችል ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሜይ 10 ቀን 1940፣ ጀርመን ሆላንድን፣ ቤልጅየምንና ፈረንሳይን መውረር በጀመረችበት ዕለት ነው። ተማሪዎችዎ የጠቀሱትን ንግግር ያደረጉት ጁን 4 ሲሆን፣ ያን ንግግር ሕዝቡ በእርሳቸው ድምፅ አልሰማውም። የተናገሩት በምክር ቤት ነው፤ የምክር ቤቱ ውሎ ደግሞ በዚያን ጊዜ በራዲዮ አይተላለፍም ነበር። ማታ በቢቢሲ ከንግግሩ የተወሰነውን ያነበበው የዜና አንባቢው ነው። ዛሬ በየዘጋቢ ፊልሙ የምንሰማውን ድምፅ ቸርችል የቀዱት ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ በገጠር ቤታቸው በቻርትዌል ነው። እንግዲህ «ያን ምሽት አገር ምድሩ ራዲዮኑን ከብቦ ድምፃቸውን ሰማ» የሚለው ትዝታ፣ የሚያወሱት ሰዎች በቅንነት የሚያምኑበት ቢሆንም፣ ኋላ የተሠራ ትዝታ ነው።

ይዘቱን በተመለከተ፣ ከመጨረሻው አንቀጽ አልፎ ሙሉውን ያነበበ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። አብዛኛው ክፍል የሽንፈት ሪፖርት ነው። ከ335,000 በላይ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ከፈረንሳይ ሰሜናዊ ወደብ ከደንከርክ በመርከብ መውጣታቸውን ካበሠሩ በኋላ፣ ጦርን አሽሽቶ በማውጣት ጦርነት ማሸነፍ እንደማይቻል ምክር ቤቱን አስጠነቀቁ፤ ከ30,000 በላይ ሰው መሞቱን፣ መቁሰሉን ወይም የገባበት መጥፋቱን፣ ወደ 1,000 የሚጠጋ መድፍ ወድቆ መቅረቱን፣ በሰሜን የነበረው ጦር ተሽከርካሪውንና ብረት ለበሱን በሙሉ ማጣቱን አንድ በአንድ ዘረዘሩ። በማግስቱ የተሰበሰበው ሪፖርት እንደሚያሳየው ብዙ ሰው በቆራጥነቱ ቢደሰትም፣ አስፈላጊ ከሆነ ለብቻችን እንዋጋለን የሚለው ሐረግ ግን «ፈረንሳይ እጅ ልትሰጥ ነው ማለት ነው» የሚል ሥጋት ፈጥሯል። ሥጋቱም ትክክል ነበር። ጁን 18 ምሽት «ከዘመኖቻቸው ሁሉ ያማረው» የሚለውን ንግግር በራዲዮ ራሳቸው ሲያሰሙም፣ ድምፃቸው ደክሟል፣ ጠጥተው ይሆን እንዴ የሚል ሐሜት እዚህም እዚያም ተመዝግቧል።

በሌላ በኩል በጁላይ 1940 በተደረገ የጋላፕ የሕዝብ አስተያየት ጥናት፣ ከመቶ 88 የሚሆነው ሰው በጠቅላይ ሚኒስትርነታቸው እንደሚደግፋቸው ገልጿል። ፈረንሳይ ከወደቀች በኋላ፣ ወረራ በየዕለቱ በሚጠበቅበት ወር እንዲህ ያለ ድጋፍ ተራ ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ቁጥር በሰውዬው ላይ የነበረውን እምነት ይነግረናል እንጂ እምነቱን ያመጣው የትኛው ንግግር እንደሆነ አይነግረንም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ንግግር ነው፤ አድማጮቹም ሃያ አምስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ከሜይ 26 እስከ 28 የጦርነቱ ካቢኔ በዝግ ተሰብስቦ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ በጣልያን ሸምጋይነት የሰላም ቃል ቢጠየቅ ምን ክፋት አለው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ቸርችል በ28 ማምሻውን ከካቢኔው ውጪ ያሉትን ሚኒስትሮች ጠርተው፣ የዚህች ደሴት ረጅም ታሪክ የሚያበቃ ከሆነ እያንዳንዳችን በገዛ ደማችን ታፍነን መሬት ላይ ስንወድቅ ብቻ ይብቃ የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉላቸው። ከመካከላቸው አንዱ የነበሩት ሂዩ ዳልተን በማስታወሻቸው አስፍረውታል። ሚኒስትሮቹ በድጋፍ ጮኹ፤ ቸርችልም ያን ድጋፍ ይዘው ወደ ካቢኔው ሲመለሱ የሃሊፋክስ ሐሳብ ከዚያ በኋላ ነፍስ አልዘራም። እንግሊዝ እንድትደራደር ወይም እንድትዋጋ የተወሰነው እዚያ ክፍል ውስጥ እንጂ በራዲዮ ፊት አልነበረም። ተማሪዎችዎ «ባይኖር ኖሮ» ማለት ከፈለጉ፣ ይህኛው ንግግር ባይኖር ኖሮ ቢሉ ይሻላቸዋል።

የጁን 4ቱ ንግግር የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርም ልብ ይባልልኝ። አዲሱ ዓለም ኃይሉን ይዞ አሮጌውን ለመታደግ እስኪነሣ ድረስ ይላል፤ ማለትም ዋሽንግተን ይሰማል ተብሎ የተነገረ ነው። የለንደን የወደብ ሠራተኛ አንዱ አድማጭ ነበር፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሌላው።

መልስ — ሰባራ ባቡር

ከላይ የተጻፈውን እያደነቅሁ፣ ስለከሸፉት ወይም ስለጎዱት ንግግሮች ለተጠየቀው ልመልስ። የንግግር ኃይል በሞራል ላይ በግልጽ ሊታይ የሚችልበት ቦታ ካለ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የእንግሊዙ ሳይሆን የፈረንሳዩ ጁን 1940 ነው፤ ያውም በሚያነሣ ሳይሆን በሚጥል ንግግር።

ጁን 17 ቀን ማርሻል ፔተን፣ የፈረንሳይ ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ ማግስት፣ በራዲዮ ቀርበው ልባቸው እያዘነ ውጊያው መቆም እንዳለበት ለሕዝቡ ተናገሩ። በዚያች ሰዓት ግን የተኩስ ማቆም ስምምነት አልነበረም፤ የተፈረመው ጁን 22፣ በሥራ ላይ የዋለው ጁን 25 ነው። በየግንባሩ የነበረው ወታደር ማርሻሉን ሰምቶ፣ የአንደኛው ዓለም ጦርነት የቬርደን ጀግና ውጊያ ይቁም ካሉ እኔ ዛሬ ስለምን እሞታለሁ ብሎ መሣሪያውን አስቀመጠ። የጀርመን ጦርም አጋጣሚውን ተጠቅሞ በእነዚያ ቀናት እጅግ ብዙ ምርኮኛ ሰበሰበ። መንግሥታቸው ስሕተቱ ወዲያው ገብቶት፣ በጋዜጣ በታተመው ቅጂ ላይ «ውጊያውን ለማቆም መሞከር አለብን» ተብሎ እንዲስተካከል አደረገ፤ ነገር ግን ወታደሩ የሰማው በራዲዮ የተነገረውን እንጂ በጋዜጣ የታተመውን አልነበረም። አንዲት ዐረፍተ ነገር፣ በተከበረ ሽማግሌ አንደበት፣ በክፉ ቀን ተነግራ፣ ስንት ክፍለ ጦር እንደምትፈታ ከዚህ በላይ ምስክር አላውቅም።

በማግስቱ፣ ጁን 18፣ ለንደን ከገቡ አንድ ቀን ብቻ የሆናቸው የፈረንሳዩ ብርጋዴር ጄኔራል ደ ጎል በቢቢሲ ተናገሩ። ዛሬ በየዓመቱ የሚከበረው ያ ጥሪ አልተቀዳም፤ የሰማውም ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነበር፤ የሚሸሽ ሕዝብ ራዲዮ አይከፍትም። የተቀዳው ጁን 22 ያደረጉት ሌላ ንግግር ነው። ይሁንና የጁን 18ቱን ጥሪ ጽሑፍ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፤ በእንግሊዝ ምድር ያሉ ወይም ሊመጡ የሚችሉ የፈረንሳይ መኮንኖችና ወታደሮች፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ መሐንዲሶችና ባለሙያ ሠራተኞች ከእኔ ጋር ይገናኙ ይላል። ማን፣ የት፣ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። በብሪታኒ ጫፍ ከምትገኘው ከትንሿ የሴን ደሴት ወንዶቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ በዓሣ ማስገሪያ ጀልባዎቻቸው ተሳፍረው ወደ እንግሊዝ የተሻገሩት በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ነው። በቁጥር ከመቶ ብዙም የማይዘሉ ቢሆኑም፣ በዚያን ጊዜ ደ ጎል ከነበራቸው ጦር አንጻር ትንሽ አልነበሩም።

ስለዚህ የማቆም ትእዛዝ ወዲያውኑ ይሠራል፤ የመቀጠል ጥሪ ግን ዓመታት ይፈልጋል። የጃፓኑን ንጉሠ ነገሥት የኦገስት 15 ቀን 1945 የእጅ መስጠት ንግግር ብንወስድም ያው ነው። በሸክላ ተቀድቶ የተላለፈው ድምፅ ጥራት አልነበረውም፤ ቋንቋውም ተራው ሰው የማይረዳው የቤተ መንግሥት አነጋገር በመሆኑ የራዲዮው አንባቢ ከኋላው ማብራራት ነበረበት። ቢሆንም በእስያ በሰፊው ተበትኖ የነበረው ሠራዊት መሣሪያውን አወረደ። አንደበተ ርቱዕነት ለዚያ አላስፈለገም።

መልስ — የወረኢሉ ልጅ

ክቡር አስተባባሪ፣ ከአገራችን ምሳሌ ስለጠየቁ ሁለት ላቅርብ። አንደኛውን ተማሪዎችዎ በቃላቸው ሳያውቁት አይቀሩም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. መግቢያ ያስነገሩት የክተት አዋጅ ነው። ይህን አዋጅ የምንጠቅሰው ሁልጊዜ ለስሜቱ ነው፤ እኔ ግን ከአሠራሩ አንጻር እንዲያነቡት እጋብዛለሁ።

በመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ የመጣውን ጠላት ማንነትና ያደረገውን ይነግራሉ፤ እስካሁን ለምን እንደታገሡም ያስረዳሉ። ቀጥለው በእርሳቸውና በሕዝቡ መካከል ያለውን ሒሳብ ይተሳሰባሉ፤ እኔ የበደልሁህ አይመስለኝም፣ አንተም አላስቀየምኸኝም ይሉታል። ይህ ልመናም ትእዛዝም ያልሆነ፣ የውል ቋንቋ ነው። ከዚያ «ጉልበት ያለህ ተከተለኝ» ብለው አቅም የሌለውን በሐዘኑ እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ከአዋጁ ውጪ የሚቀር ሰው የለም፤ ሽማግሌውም፣ መበለቲቱም፣ ቄሱም ድርሻ አላቸው። «ወስልተህ የቀረህ ግን ኋላ ትጣላኛለህ» የሚለው ማስፈራሪያም አለ፤ በማርያም ስም የታሰረ በመሆኑ ማንም እንደ ዛቻ ብቻ አልወሰደውም። በመጨረሻም የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ እንዲጠብቅ ቀንና ቦታ ይወስናሉ። አንድ ገጽ በማትሞላ ጽሑፍ ምክንያት፣ ውል፣ የሥራ ድርሻ፣ ቅጣት፣ ቀጠሮ። ሰባራ ባቡር ስለ ደ ጎል ጥሪ «ማን፣ የት፣ ምን» ያሉት ሁሉ እዚህ አለ፤ ያውም ከአርባ አራት ዓመታት በፊት።

ራዲዮ አልነበረም፤ ነጋሪት ግን ነበረ፤ አዋጁም በየገበያው ይነገር ነበር። በኅዳር 28 አምባላጌ ላይ ድል ሲገኝ ወሬው ራሱ ሌላ አዋጅ ሆነ፤ በየካቲት 23 ዓድዋ የተሰለፈው ሠራዊት ወደ አንድ መቶ ሺህ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሰው ያስነሣው አዋጁ ነው ብዬ አልሟገትም። ከየጠቅላይ ግዛቱ ጦር የሚያሰልፉ መኳንንት፣ ስንቁን የሚያዘጋጁ ሴቶች፣ ከዓመታት በፊት ጀምሮ የተገዛ ጠመንጃ ነበር። አዋጁ ይህን ሁሉ ተዘጋጅቶ የቆየ ነገር በአንድ ቀጠሮ ላይ አገናኘው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከላይ ከተነሣው ከ1940 ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ያደረጉት ንግግር በዓለም ዘንድ ዝናው የታወቀ ነው፤ የጣልያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው እንደሞከሩም ይታወሳል። ማኅበሩ ግን በሳምንታት ውስጥ በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ አነሣ። ንግግሩ ሕሊናን ነካ፤ ውሳኔ ግን አላስለወጠም።

አራት ዓመት ቆይቶ፣ ሙሶሊኒ ጁን 10 ቀን 1940 ጦርነት ሲያውጅ ሁኔታው ተገለበጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ካርቱም ገቡ፤ የእንግሊዝ አውሮፕላኖችም የሞአ አንበሳ ማኅተም ያረፈበትን የአማርኛ አዋጅ በበራሪ ወረቀት በጣልያን በተያዘው አገር ላይ በተኑ። ከጄኔቫው ንግግር ጋር ሲነጻጸር የዚያ ወረቀት አጻጻፍ ማንም በቃሉ የማያጠናው ነው። ነገር ግን ለአርበኛው የሚናገረው አንድ ነገር ነበረው፤ ንጉሡ በሕይወት አሉ፣ ድንበር ደርሰዋል፣ እየመጡ ነው። ወረቀቱን ያገኙ ሰዎች ማኅተሙን አይተው እንደሳሙት የሚገልጹ ምስክርነቶች አሉ። ለጣልያን ተሰልፎ ለነበረው የአገር ተወላጅ ወታደርም ሌላ መልእክት ነበረው፤ ብዙዎችም ከድተው ወጡ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማውን ሲሰቅሉ፣ ወረቀቱ የተናገረው ተፈጸመ። ባይሻገሩ ኖሮ በቀጣዩ ወር የሚበተነውን ወረቀት ማን ያምነው ነበር?

መልስ — ቀለም ቀንድ

የቀደሙት ጸሐፊዎች ቃልን ከሚገባው በላይ ያሳነሱት ይመስለኛል፤ በአክብሮት ልቃወም። በተግባርና በቀጠሮ የማይገለጽ፣ የአነጋገሩ ለውጥ ብቻውን ውጤት ያመጣበት ምሳሌ አለ፤ የስታሊን የጁላይ 3 ቀን 1941 ንግግር ነው።

ጀርመን ጁን 22 ስትወር ለሕዝቡ የተናገረው የውጭ ጉዳይ ኃላፊው ሞሎቶቭ ነበር። ስታሊን አሥራ አንድ ቀን ዝም አለ። ሚንስክ በዚህ መካከል ወደቀች። በመጨረሻ ቀርቦ ሲናገር «ጓዶች፣ ዜጎች» ካለ በኋላ «ወንድሞችና እኅቶች» አለ፤ «ወዳጆቼ» ብሎም ጨመረ። ገበሬውን በረሃብ፣ መኮንኑን በጥይት የፈጀ ሰው፣ በሃያ ዓመት ገደማ ሥልጣኑ ሰምተውት በማያውቁት ቃል ሲጠራቸው ሰዎች ደነገጡ። ድምፁ ዝግ ያለ ነበር፤ በመሐል ውሃ ሲጠጣ የብርጭቆው ድምፅ ይሰማ ነበር። የግል ራዲዮዎች በመንግሥት እንዲሰበሰቡ ታዝዞ ስለነበር፣ አብዛኛው ሰው የሰማው በየአደባባዩና በየፋብሪካው በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ሥር፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ቆሞ ነው። ይህም ለውጤቱ አስተዋጽኦ ነበረው ብዬ አምናለሁ።

ሐቀኛ ንግግር ነበር ለማለት አልደፍርም። ሊትዌኒያ፣ አብዛኛው ላትቪያ፣ ምዕራብ ቤላሩስና የዩክሬን ክፍል መያዛቸውን አምኗል፤ በዚያው ትንፋሽ ግን የጠላት ምርጥ ክፍለ ጦሮች ተደምስሰዋል ብሏል፤ ይህ ሐሰት ነው። እህል፣ ነዳጅና ባቡር ለጠላት እንዳይቀር ትእዛዝም ሰጥቷል፤ ስለዚህ የወረኢሉ ልጅ ያሉት የሥራ ድርሻ እዚህም አለ። ቢሆንም ሰዎች ኋላ ያስታወሱት ትእዛዙን አይደለም፤ አጠራሩን ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 7፣ ጀርመኖች ሞስኮ ደጃፍ ደርሰው ሳለ፣ በቀይ አደባባይ ሰልፍ አሰልፎ የአሌክሳንደር ኔቭስኪን፣ የሱቮሮቭንና የኩቱዞቭን ስም ሲጠራም ነገሩ ይኸው ነው። አብዮቱ የረገማቸውን መሳፍንትና የዛር ጄኔራሎች እንደ አያቶች መልሶ አወጣቸው። ወታደሮቹ ከሰልፉ በቀጥታ ወደ ግንባር ሄዱ። የሚገርመው፣ የፊልም ባለሙያዎቹ በዕለቱ ድምፁን መቅዳት ስላልቻሉ ንግግሩ በክሬምሊን አዳራሽ ውስጥ እንደገና ተደርጎ ተቀርጿል፤ የቸርችልን የ1949 ቅጂ ያስታውሰኛል።

እርግጥ በኦገስት 1941 ለሚማረክ ወታደር ምሕረት የሌለው ትእዛዝ ቁጥር 270፣ በጁላይ 1942 ደግሞ «አንድ እርምጃ ወደ ኋላ የለም» የሚባለው ትእዛዝ ቁጥር 227 ወጥተዋል። ፍርሃትና ፍቅር ምን ያህል ድርሻ እንደነበራቸው መለየት ከባድ ነው። ሆኖም ንግግር ሞራልን ብቻ ይገልጻል ለሚሉት ወገኖች፣ ከጁላይ 3 በፊት ማንም በአደባባይ ያልገለጸውን ስሜት ስታሊን ከየት አምጥቶ ገለጸው ብዬ እጠይቃለሁ።

የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ — የክበቡ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከቴምዝ ማዶ አንድ ነገር ቢያብራሩልኝ፤ ቀለም ቀንድ ያነሡት ሐሳብ ተማሪዎቼን ወደ አስቸጋሪ ጥያቄ ይወስዳቸዋል። አምባገነኑም ዴሞክራቱም በንግግር ሞራል የሚያነሡ ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል ለክርክር የሚሆን ልዩነት አለ? የናዚውን የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የጎብልስን የ1943 ንግግር የጠቀሰ ተማሪ አለኝ፤ አዳራሹ ሲጮኽ በፊልም አይቶ፣ ሞራል ማለት ይህ ነው ይላል።

መልስ — ከቴምዝ ማዶ

ተማሪዎ ያየው የተመረጠ አዳራሽ ነው። ጎብልስ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1943፣ ስታሊንግራድ ላይ የነበረው የጀርመን ጦር እጁን በሰጠ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በበርሊን ስፖርትፓላስት «ሙሉ ጦርነት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰዎች በጥንቃቄ የተጋበዙ ነበሩ። የአገዛዙ የራሱ የጸጥታ ክፍል ስለ ሕዝብ ስሜት ያጠናቀረው ምስጢራዊ ሪፖርት፣ ከአዳራሹ ውጪ የነበረው ስሜት የተደባለቀ መሆኑን ያሳያል። የጮኸው አዳራሽ በፊልም ቀረ፤ የተጠራጠረው ሰው በሪፖርት ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ተማሪዎች ፊልም ሲያዩ ሁልጊዜ ማን ተጋበዘ ብለው ቢጠይቁ ደግ ነው።

ስታሊንን በተመለከተ ቀለም ቀንድ አሳምነውኛል ለማለት ባልደርስም፣ አጠራሩ ኃይል ያገኘው የተናጋሪው የቀድሞ ጭካኔ ስለነበረ መሆኑን ልብ እንበል። «ወንድሞችና እኅቶች» ቸርችል ቢሉት ማንም አይደነግጥም ነበር። ንግግሩ የሠራው ዝምታውን ስለሰበረ ነው፤ ሰባራ ባቡር ያነሷቸው ፔተንም የጎዱት ዝምታውን በተሳሳተ ቃል ስለሰበሩ ነው።

የልዩነቱ ጥያቄ ግን እውነተኛ መልስ ያለው ይመስለኛል፤ መልሱም ያለው ከ1940 ይልቅ በኋላ በመጡት ዓመታት ነው። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 የእንግሊዝ ይዞታ የነበረችው ሲንጋፖር በጃፓን እጅ ወደቀች፤ ቸርችል በዚያው ምሽት በራዲዮ ተናገሩ። ያ ንግግር በሕዝቡ ዘንድ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ ሰው የሚጠብቀው ለምን እንደወደቀች ማብራሪያ ነበር፣ የተሰጠው ግን የአንድነት ጥሪ ነው። በምክር ቤትም በጋዜጣም ወቀሳው ቀጠለ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የመተማመኛ ድምፅ እስከ መንሣት የሚደርስ ሐሳብ በምክር ቤት ቀረበባቸው፤ አልፈውታል። ጁን 4 ቀን 1945 ደግሞ፣ ያ የባሕር ዳርቻው ንግግር አምስተኛ ዓመቱን በደፈነበት ዕለት፣ በምርጫ ቅስቀሳ ላይ ተፎካካሪያቸው የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ቢይዝ እንደ ናዚዎቹ ምስጢራዊ ፖሊስ እንደ ጌስታፖ ያለ ነገር ያስፈልገዋል ብለው በራዲዮ ተናገሩ። ሕዝቡ ሰማ፣ አዘነ፣ በጁላይ ወርም ሌበርን በ393 መቀመጫ መረጠ።

ያው አንደበት ነው፤ ያው ማይክሮፎን ነው። በ1940 የሰማቸው ሕዝብ በ1942 ሲጠይቃቸው፣ በ1945 ደግሞ ሲያሰናብታቸው እናያለን። በሞስኮና በበርሊን ይህን ማድረግ የሚችል አድማጭ አልነበረም፤ ስለዚህ በዚያ የነበረውን ሞራል ከጭብጨባ ውጪ የምንለካበት መንገድ ጠባብ ነው። ተማሪዎችዎ ለክርክራቸው ሁለት ቀናትን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡ እመርጣለሁ፤ ጁን 17 ቀን 1940 በቦርዶ፣ ጁን 18 ቀን 1940 በለንደን። ጠላታቸው አንድ ነው፤ የደረሰባቸው ሽንፈትም የአንድ ዘመቻ ሽንፈት ነው። ፈጠረ የሚለው ወገን ከፔተን ይጀምር፤ ገለጸ የሚለው ወገን ደግሞ ፔተን ከተናገሩ በኋላ እንኳ ቃላቸውን ሳይቀበሉ እስከ ጁን 25 በፈረንሳይ ድንበር ባለው በማዢኖ ምሽግ ውስጥ ሲዋጉ የቆዩትን የፈረንሳይ ወታደሮች ይጥቀስ።